የላላ ክንድ፣ የተለጠጠ ከንፈር

እሷ፦ ገዘር ገበያ ላይ አንዲት እናት ክንዳቸውን አንስተው «ይኼን የላላ ቆዳ ሐኪም ቆርጦ ይሰፋል አሉ፤ እውነት ነው?» አሉኝ።

እሱ፦ እውነት ነው። ብዙ ኪሎ የቀነሰ ሰው ነው በብዛት የሚያሠራው። ስፖርት ጡንቻ ያጠነክራል፤ የተረፈ ቆዳን ግን አይሰበስብም። ጠባሳው ከብብት እስከ ክርን ሊደርስ ይችላል። ነጠላ ይሸፍነው ይሆናል እንጂ አይጠፋም።

እሷ፦ የእኔ ሐሳብ ግን ወደ ቆላው፣ ወደ ሙርሲ ሕዝብ ሄደ። እዚያ ቆዳው ሆን ተብሎ ነው የሚለጠጠው። ልጅቷ 15 ወይም 16 ዓመት ገደማ ሲሆናት እናቷ ወይም የቅርብ ዘመድ የታች ከንፈሯን ትበሳለች፤ እንጨት ይሰካበታል። ቁስሉ ሲድን በሰፋ፣ ደግሞ በሰፋ ይተካል፤ በመጨረሻ ክብ ሸክላ ይገባል።

እሱ፦ ዛሬ «ከንፈራችንን አናስበሳም» የሚሉ ልጃገረዶች አሉ።

እሷ፦ አሉ። ሸክላውን ያወለቀችውስ? ከንፈሩ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ በራሱ አይሰበሰብም። መጠጥ ያንጠባጥባል፣ አንዳንድ ድምፅም ያስቸግራል። ቀዶ ሐኪም ግን ትርፉን አንስቶ መልሶ ሊያበጀው ይችላል።

እሱ፦ ይኼም ቀዶ ሕክምና ለውበት ነው ልትዪኝ ነው?

እሷ፦ ምኑ? አዲስ አበባ፣ የካቲት 12 ሆስፒታል የእሳት ቃጠሎ ያኮማተረውን ቆዳ በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሲጠግኑ ቅንጦት ነው የሚል ሰምተሃል?

እሱ፦ አልሰማሁም። የገበያዋ እናትስ?

እሷ፦ የጠባሳውን ርዝመት በጣቴ ሳሳያቸው፣ ክንዳቸውን ሸፍነው ወደ ቡላው ዋጋ ተመለሱ።