ለሁለት ሥራ የምትበቃ አንዲት ሰሌዳ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በአንድ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ዓመት በአሜሪካ አገር፥ በኮሎራዶ ግዛት፥ በዴንቨር ከተማ ከምትኖረው ከአክስቴ ዘንድ ቆይቼ መመለሴን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ከተመለስሁ ጀምሮ «በዚያ ምን አየህ?» የሚለኝ ሰው ስለ በዛ፥ ዛሬ ስለ አንድ ነገር ብቻ ልናገር አስቤአለሁ። ይኸውም ስኖውቦርድ ስለሚባለው በበረዶ ላይ መንሸራተቻ ሰሌዳና ስለ አመራረጡ ነው። «ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» የሚል ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እለምናለሁ፤ እኔ በምርጫዬ የሠራሁት ስሕተት በማናቸውም አገር የሚሠራ ነውና።

እኛ በረዶ ስንል ብዙውን ጊዜ በክረምት ቆርቆሮውን የሚደበድበውን ጠጣሩን ማለታችን ነው። የዚያ አገር በረዶ ግን እንደ ተነደፈ ጥጥ ቀስ እያለ ይወርድና ተራራውን ለወራት አልብሶት ይከርማል። ብሬክንሪጅ የምትባለው የተራራ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,900 ሜትር ያህል ትገኛለች፤ ይህም ከደብረ ብርሃን ከፍታ ብዙ አይርቅም። ነገር ግን ከምድር ወገብ ርቃ በሰሜን በኩል ስለምትገኝ፥ ደብረ ብርሃን ውርጭ ሲያገኛት እርሷ በበረዶ ትሸፈናለች።

ጨዋታው የቆየ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 በሚሺጋን ግዛት ይኖር የነበረው ሸርማን ፖፐን ሁለት ስኪዎችን ጎን ለጎን አያይዞ ለልጆቹ መጫወቻ ሠራላቸው። እ.ኤ.አ. በ1977 ደግሞ ጄክ በርተን ካርፔንተር በቬርሞንት ግዛት ሰሌዳዎችን እየሠራ መሸጥ ጀመረ። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1998 በጃፓን አገር በናጋኖ በተደረገው የክረምት ኦሎምፒክ ገባ። የእኛም አገር ሰው ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ የክረምት ኦሎምፒክ በስኪ ሩጫ ኢትዮጵያን ወክሎ ስለ ተወዳደረ፥ በረዶው ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ ነው ለማለት አይቻልም።

ተንሸራታቾቹ የሚጫወቱበት ስፍራ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፓርክ ይባላል፤ በዚያም ከበረዶ የተከመሩ መዝለያ ጉብታዎችና እግርን አመዛዝነው የሚያልፉባቸው የብረት አግዳሚዎች አሉ። ሁለተኛው ተራራው በሙሉ ነው፤ በመኪና የተስተካከለው ጎዳና፥ ጥልቁ ለስላሳ በረዶ፥ በዛፎች መካከል ያለውም መንገድ ጭምር። ገንዘብ ያለው ለእያንዳንዱ ሌላ ሌላ ሰሌዳ ይገዛል። ተማሪ ግን ለሁለቱም የምትሆን አንዲት ብቻ መፈለግ አለበት።

አክስቴ ከሌሊት ሥራዋ ደመወዝ ቆጥባ የሰሌዳ መግዣ ሰጠችኝ። ወደ ሱቅም በሄድሁ ጊዜ ሻጩ ሦስት ነገር ጠየቀኝ፤ ክብደትህ ስንት ነው? የጫማህ ቁጥር ስንት ነው? ስንት ጊዜ ተንሸራትተሃል? ለሁለቱ እውነቱን ነገርሁት፤ 62 ኪሎ እመዝናለሁ፥ ጫማዬም 42 ቁጥር ነው። በሦስተኛው ግን አፈርሁ። በኪራይ ሰሌዳ ሁለት ቀን ብቻ ስወድቅ የዋልሁት ሰው «ብዙ ጊዜ» ብዬ መለስሁ። ከዚያም በሥዕል ላይ ታላላቅ ተወዳዳሪዎች ይዘዋት ያየኋትን የምትመስል 160 ሳንቲ ሜትር የሆነች ግትር ሰሌዳ መረጥሁ። ሻጩ ትረዝምብሃለች ቢለኝም አልሰማሁትም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእርሱ አይደለም።

በተራራው ላይ ሰሌዳይቱ አልታዘዝ አለችኝ። ላዞራት ስል ጠርዟ በረዶውን ነክሶ ወደ ኋላ ጣለኝና የእጄ አንጓ ወለም አለ። ሦስት ሳምንት እስክሪብቶ መያዝ አልቻልሁም። አክስቴም ወደ ሐኪም ልትወስደኝ የአንድ ሌሊት ሥራዋን ተወች። በዚያ ሌሊት ለሻጩ የተናገርሁትን ሐሰት ገለጥሁላት። አልተቆጣችም፤ «ልጄ፥ ይህችን ሰሌዳ የገዛኸው ለእግርህ ሳይሆን ለሰው ዓይን ነው» ብቻ አለችኝ። ከቁጣ ይልቅ ይህ ቃል አሳመመኝ።

እጄ ከዳነ በኋላ ሰሌዳይቱን ከእኔ ለሚከብድ ሰው በኪሣራ ሸጥሁ፤ የጎደለውንም ገንዘብ ከጎረቤቶቻችን ደጅ በረዶ እየዛቅሁ ሞላሁ። በሁለተኛው ጊዜ ግን ጠይቄና አንብቤ መረጥሁ። ያገኘሁት ትምህርት ይህ ነው።

አንደኛ፥ ቅርጽ። አፍንጫዋና ጅራቷ እኩል የሆኑት ሰሌዳ መንታ ትባላለች። በፓርክ ዘሎ ወደ ኋላ ዞሮ ለሚያርፍ ሰው የምትመች እርሷ ናት፤ በተስተካከለውም ጎዳና በሚገባ ትሄዳለች። ጥልቅ በረዶ የሚወድ ግን አፍንጫዋ ከጅራቷ ጥቂት የረዘመችውን ቢይዝ ይሻለዋል።

ሁለተኛ፥ ቅስት። በወለል ላይ ስትቀመጥ መካከሏ እንደ ድልድይ ከፍ የሚለው ካምበር ትባላለች። ጠርዟ በጠጣር በረዶ ላይ ይይዛል፥ ለዝላይም ታስፈነጥራለች፤ ስሕተትን ግን አትምርም። መካከሏ ወለሉን ነክቶ ጫፎቿ የሚነሡት ሮከር ትባላለች፤ በለስላሳ በረዶ ላይ ትንሳፈፋለች፥ ጀማሪንም ትታገሣለች፥ በጠጣሩ ላይ ግን የመያዝ ኃይሏ ያንሳል። ለሁለት ሥራ ሁለቱን ያዋሐደችው ትመረጣለች።

ሦስተኛ፥ ግትርነት። ብዙ ሠሪዎች ይህን ከ1 እስከ 10 በቁጥር ያመለክታሉ። ለስላሳዋ ለአግዳሚው ትመቻለች፥ በፍጥነት ጊዜ ግን ትንቀጠቀጣለች፤ ግትሯም በፍጥነት ትጸናለች፥ ለጀማሪ ግን አትታዘዝም። መካከለኛዋ ከ4 እስከ 6 ያለችው ናት። ሆኖም ሁሉም ሠሪ በየራሱ መለኪያ ስለሚሰፍር፥ የአንዱ 5 ከሌላው 5 ጋር ላይተካከል ይችላል።

አራተኛ፥ ርዝመትና ወርድ። ርዝመቷ የሚለካው በቁመት ብቻ ሳይሆን በይበልጥ በክብደት ነው፤ ለእኔ ክብደት 152 ሳንቲ ሜትር ተስማማኝ። ፓርክ የሚያዘወትር ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ቢቀንስ መልካም ነው። ወርዷም ከጫማ ጋር ይመዛዘናል፤ ጣትና ተረከዝ ከጠርዙ ብዙ ካለፉ በመታጠፊያ ላይ በረዶውን ነክተው ሰውየውን ይጥሉታል። ስለዚህ ጫማው 45 ቁጥርና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ሰፊ ተብላ የተሠራችውን ይጠይቅ።

አምስተኛ፥ ታችኛው ገጽ። ከፕላስቲክ ዱቄት ተጠቅጥቆ የተሠራው ሰም በደንብ ይጠጣል፥ ይፈጥናልም፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ቀልጦ የወጣው በፍጥነት ያንሳል፥ ለመጠገን ግን ይቀላል፤ በብረት አግዳሚ ላይ ለሚፋተግ ተማሪ ይበቃዋል። የተረፈውንም ገንዘብ ለራስ ቁርና ለእጅ አንጓ መከላከያ ያውለው፤ ይህን የምለው ከደረሰብኝ ነው።

ውድ ጓደኞቼ፥ እኛ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች በቅርቡ ከሰሌዳ የሚበልጥ ነገር እንመርጣለን። የትምህርት ዓይነት እንመርጣለን፥ ሥራም እንመርጣለን፤ የምንመርጠውም ወላጆቻችን ደክመው ባጠራቀሙት ገንዘብ ነው። ያን ጊዜ አንድ ሰው «ዐቅምህ ምን ያህል ነው? እስከ ዛሬ ምን ሠርተሃል?» ብሎ ቢጠይቀን፥ በሥዕል ያየነውን ትተን እውነተኛውን ልካችንን እንንገረው። በልኬ የመረጥኋት ሁለተኛዪቱ ሰሌዳ ያገለገለች ነበረች፥ ቀለሟም ተፍቆ ነበር። ነገር ግን በፓርኩም በተራራውም አገለገለችኝ፤ በመጨረሻው ቀን አክስቴ ከታች ቆማ እያየችኝ ሳልወድቅ ወረድሁ።