የፈነዱ ኮከቦችን ቅሪት ከጎረቤት ጋላክሲ መቁጠር



ኮከብ ፈንድቶ የሚተወውን የጋለ ቅሪት ለማጥናት የራሳችንን ፍኖተ ሐሊብ ትቶ ሌላ ጋላክሲ መመልከት ይሻላል ቢባል፣ ቅርቡ እያለ ሩቁን ለምን የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ገበያ መሀል የቆመ ሰው ገበያተኛውን መቁጠር አይችልም፤ ማዶ ጋራ ላይ ያለው ይችላል። እኛ የምንኖረው በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ስለሆነ አቧራው በብዙ አቅጣጫ ይጋርደናል። የብዙዎቹ ቅሪቶች ርቀትም በውል ስለማይታወቅ፣ አንዱ ሰፍቶ የታየን በእርግጥ ሰፊ ሆኖ ይሁን ቀርቦን ለመለየት ያስቸግራል። በጥቅምት እኩለ ሌሊት ከከተማችን ከደጎሎ አናት ትንሽ ወደ ሰሜን ብሎ የሚያልፈው ኤም 33 ጋላክሲ ግን 2.7 ሚሊዮን ያህል የብርሃን ዓመት ይርቃል። ከዚህ ርቀት አንጻር በውስጡ ያሉት ቅሪቶች ሁሉ ከእኛ እኩል እንደራቁ ሊቆጠሩ ስለሚችሉ ስፋታቸውንና ድምቀታቸውን በቀጥታ ማወዳደር ይቻላል።

የኮከቡ ፍንዳታ ማዕበል በዙሪያው ያለውን ጋዝ እስከ ሚሊዮኖች ዲግሪ ያሞቀዋል፤ እንዲህ የጋለ ጋዝ ደግሞ በኤክስሬይ ያበራል። ይህን ጨረር ከባቢ አየር ስለሚያስቀረው የወሎ ከፍታም ሆነ በ3,200 ሜትር ላይ ያለው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ሊቀበለው አይችልም። ስለዚህ መቀበያው ወደ ጠፈር መውጣት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ጠፈር የመጠቀው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ቻንድራ ኤም 33ን በሰፊው ቃኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው ውጤትም በሚታይ ብርሃን ከተለዩት 137 ዕጩ ቅሪቶች 82ቱ በኤክስሬይ ታይተዋል።

55ቱ ካልታዩ ቆጠራው እንዴት ይታመናል? የቅሪት ድምቀት በዙሪያው ባለው ጋዝ ጥግግት ይወሰናል። ጋዙ ሳስቶ ከሆነ ቅሪቱ እያለም ይደበዝዛል። ቴሌስኮፑ እስከ ምን ድረስ የደበዘዘ ነገር እንደሚያይ ስለሚታወቅ የቀረውም ከዚያ ልክ በታች መሆኑ ይታወቃል። ደማቅ ቅሪት ግን ሳይታይ የመቅረቱ ዕድል ጠባብ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚከብደኝ ሌላ መቃወሚያ ነው፤ ሩቅ በመሆኑ ዝርዝሩ ይጠፋል። በዚያው ጥናት የጨረር ስፔክትረማቸው በዝርዝር የተመረመረው ሰባቱ ደማቆች ብቻ ሲሆኑ፣ ከግዙፍ ኮከብ የተረጨ ንጥረ ነገር ምልክት የታየውም በሁለቱ ነው። ለዝርዝሩ እንደ ካሲዮፒያ ኤ ያሉ የፍኖተ ሐሊብ ቅሪቶች አይተኬ ናቸው። ጋላክሲ በጠቅላላው ቅሪቶቹን እንዴት እንደሚያስተናግድ ለማወቅ ግን ከኤም 33 የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ይህ ለደጎሎ ምን ይጠቅማል የሚል ካለ፣ የቻንድራ የመረጃ መዝገብ ለማንም በነጻ ክፍት ነው። ኮምፒውተርና ኔትወርክ ያለው የደጎሎ ተማሪ በሌላው ዓለም ያለው ተመራማሪ የሚያየውን መረጃ ራሱ ያያል። ስለዚህ የፊዚክስ መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁን ከቀመሩ ጋር ፕሮግራሚንግ አስተምሯቸው፤ መዝገቡንም ዘንድሮ ክፈቱላቸው።