በምስጢር የተቀረጸ ድምፅ

በአሜሪካ፥ በቨርጂኒያ ዩኒቬርሲቲ፥ ሚለር ማዕከል የሚባል ተቋም አለ፤ የተቋቋመውም እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ1975 ነው። ሊቃውንቱ፥ ከፍራንክሊን ሩዝቬልት እስከ ኒክሰን ድረስ ስድስት ፕሬዚዳንቶች በምስጢር ያስቀረጹትን ንግግር እያዳመጡ ቃል በቃል በጽሑፍ ያሰፍራሉ። ቃለ ጉባኤ ስንቱን ነገር እንደሚያስቀር፥ በቢሮ ለምትውሉት ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

በሜይ 27 ቀን 1964 ፕሬዚዳንት ጆንሰን ለአማካሪያቸው ለማክጆርጅ በንዲ በቴሌፎን ሲናገሩ፥ ቬትናም ጦርነት የሚገባት አገር እንዳልመሰለቻቸው፥ ነገር ግን ከዚያ ለመውጣት የሚቻል መስሎ እንዳልታያቸው ገልጸው ነበር። ድምፃቸው የደከመ ሰው ድምፅ ነው። ይህን ጥርጣሬ ወታደሮቹም፥ እናቶቻቸውም አልሰሙትም። በማርች 1965 የአሜሪካ የባሕር ወለድ ጦር ዳናንግ ላይ ወረደ።