አገርን ለማወቅ ከደጃፍ ይጀመራል
(በኩታበር ለመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



የእርሻው ድካም ሳያግዳችሁ ዛሬም ደብተራችሁን ይዛችሁ ስለ መጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ ፊደል አንቆጥርም፤ ስለ አገር ጕብኝት ትንሽ እንጫወታለን።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሥዕል አሳይቻችሁ ነበር። ሰዎች ሻንጣ በጀርባቸው አዝለው በባሕር ዳርቻ ሲሄዱ የሚያሳይ ነው። ያን ጊዜ አንድ አባት፣ «ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ምን ጠፍቷቸው ነው የሚዞሩት? ከብት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ሁላችንም ሳቅን። ማታ ግን ጥያቄው እንቅልፍ ነሣኝ።

ሰዎቹ ምንም አልጠፋቸውም። አገር ሊያዩ ነው የሚዞሩት። ባሕር ያለው ባሕሩን ያሳያል፤ ተራራ ያለው ተራራውን ያሳያል። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ዳርቻ የላትም። ተራራ፣ ገደልና ታሪክ ግን ሞልቷታል። ታዲያ እኛስ ያለንን እናውቀዋለን ወይ?

እኔ ራሴ አላውቀውም ነበር። ከደሴ ወደዚህ ስመጣ ቦሩ ሜዳን ያለፍሁት እንቅልፍ ወስዶኝ ነው። ስለ ቦሩ ሜዳ በትምህርት ቤት ተምሬ ለፈተና ጽፌአለሁ። ያ በመጽሐፍ ያነበብሁት ሜዳ በመንገዴ ላይ ያለው መሆኑን የነገሩኝ ግን ከእናንተ መካከል ያሉ አንድ አባት ናቸው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ትልቁን የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉት እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ተገዷል፤ ተንገላቷል። ታሪክ የሚያኮራም የሚያሳዝንም አለው። ሁለቱንም ማወቅ ያስፈልጋል።

አሁን ደግሞ ወደ በሽሎ እንሻገር። የበሽሎ ወንዝ የሚነሣው ከኩታበር በስተምዕራብ ነው። ይህን ወንዝ ከብት ስታጠጡበት ታውቁታላችሁ። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጐትቱ የበሽሎን ገደል አሻግረውታል። መድፉ 70 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። መንገድ እየተጠረገ፣ በሰው ጉልበት እየተጐተተ፣ ጉዞው 6 ወር ያህል ፈጀ።

የእንግሊዝ ጦር ደግሞ ከቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከዙላ ተነሥቶ መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። ጦሩ አምባውን አቃጠለ። የብራና መጻሕፍቱን፣ ዘውዱን፣ ጽዋውን በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጋ በቅሎ ጭኖ ሄደ። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁም ተወስዶ፣ ገና በ18 ዓመቱ በሰው አገር ሞተ። ከተወሰደው ንብረት አብዛኛው እስካሁን አልተመለሰም። የአፄ ቴዎድሮስ ጠጕር እንኳ የተመለሰው በ2011 ዓ.ም. ነው። ሴባስቶፖል ግን እዚያው መቅደላ ላይ አለ። ከተንታ በኩል በእግር ወይም በበቅሎ ወጥቶ ማየት ይቻላል።

ይህን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ያኔ ቅርሳችን የተወሰደው በጦር ኃይል ነበር። ዛሬ ግን በጥቂት ብር የሚሸጥ አለ። አንድ እንግዳ መጥቶ፣ «ያን አሮጌ ብራና፣ ያን መስቀል፣ ያን የቆየ ቁርኣን ሽጡልኝ» ቢላችሁ እሺ አትበሉ። የሸጠው ሰው ብሩን በአንድ ገበያ ይጨርሰዋል። ቅርሱ ግን አይመለስም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅም ያለ ፈቃድ ቅርስን ከአገር ማውጣት ይከለክላል።

ቅርስ ማለት ብራናና መድፍ ብቻ አይደለም። ደኑም አውሬውም ቅርስ ነው። ከዚህ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ በመካነ ሰላም በኩል፣ የደንቆሮ ጫካ የሚባል አለ። በ2001 ዓ.ም. የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ተባለ። ጥድ፣ ወይራ፣ አስታና ጅብራ አለው። ጭላዳ፣ ድኩላ፣ ነብር ይኖርበታል። ከሁሉ በላይ ቀይ ቀበሮ አለበት። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። ለአቅመ መራባት የደረሱት ሁሉ ቢቈጠሩ 500 አይሞሉም። ምግቡ በአብዛኛው አይጥና ፍልፈል ነው። አልፎ አልፎ ግልገል ይነካ ይሆናል፤ እህል የሚያጠፋውን አይጥ ግን ዘወትር ያድናል። ብዙውን ጊዜ የሚጨርሰው ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ይኸው በሽታ ሰውንም ከብትንም ይገድላል። ስለዚህ ውሻን ማስከተብ ለቀበሮው ብቻ ሳይሆን ለልጆቻችንም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወንድም፣ «ሣሩን ለቀበሮ ከተውነው የእኔ በሬ ምን ይብላ?» ብሎኛል። ይህ የዋዛ ጥያቄ አይደለም። በሬ የሌለው ገበሬ ምን እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ስለዚህ የእኔን አሳብ ትቼ ገበሬዎች ያደረጉትን ልንገራችሁ።

በመንዝ ጓሳ የሚባል ደጋ አለ። ጓሳ የሣሩ ስም ነው፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይሠራበታል። የመንዝ ገበሬ ይህን ሣር 400 ዓመት ያህል በራሱ ሕግ ጠብቆታል። ሹም ይመርጣሉ። ሣሩ ለጥቂት ዓመታት ይዘጋል። ሲደርስ ቀን ተቈርጦ ይከፈታል፤ ሁሉም በድርሻው ያጭዳል። ሕጉን የጣሰ ይቀጣል። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ይህ ሥርዓት ፈረሰ፤ ሣሩም ተጐዳ። ኋላ ገበሬው እንደገና ተሰብስቦ መተዳደሪያ ደንብ አወጣ፤ ኮሚቴ አቋቋመ። በዚህ ዓይነት ሣሩም ለሰው ተረፈ፤ ቀይ ቀበሮውም ከነጭላዳው ኖረ። እንግዲህ ሣር የሚጠበቀው በዘበኛ ብቻ አይደለም። ጎረቤት የሆነው ገበሬ ሲመክርበትና ሲጠቀምበት ነው።

ከእንግዳም ጥቅም ይገኛል። በሰሜን ወሎ፣ በመቄት፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ገበሬዎች በገደል አፋፍ ላይ የእንግዳ ጎጆ ሠሩ። እንግዳው በእግሩ ከመንደር ወደ መንደር ይሄዳል። አንዱ መንገድ ይመራል፣ አንዱ አህያ ያከራያል፣ እናቶች ምግብ ያዘጋጃሉ። ገቢው ለመንደሩ ይሆናል። በሰሜን ተራሮችም ብዙ ሰው በበቅሎ ኪራይና በመንገድ መሪነት ኖሯል። ነገር ግን አንድ ነገር ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ ሰላም በጠፋ ጊዜ እንግዳ ይቀራል። ስለዚህ እርሻን ጥሎ እንግዳን ብቻ መጠበቅ አይገባም። የእንግዳ ገቢ እንደ ጓሮ አትክልት ነው፤ ማሳውን አይተካም።

ለመጐብኘት ደግሞ ፈረንጅ መሆን አያስፈልግም። ግሸን ማርያም ለመስከረም 21 የሚወጣ፣ ጀማ ንጉሥ ለመውሊድ የሚሄድ ሰው አገር አይቶ ነው የሚመለሰው። ሲሄድ ልጁን ያስከትል። ያየውን ያስረዳው።

አባቶቻችን «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል» ይላሉ። እናንተ አሁን መጻፍ ችላችኋል። ስለዚህ ለሚቀጥለው ሳምንት አንድ የቤት ሥራ እሰጣለሁ። እያንዳንዳችሁ በአካባቢያችሁ ያለ አንድ ቦታ ምረጡ። ምንጭ ይሁን፣ ዋሻ ይሁን፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ይሁን፣ ትልቅ ዛፍም ይሁን።

1ኛ/ ስሙን ጻፉ። 2ኛ/ ስሙ ለምን እንደ ወጣለት ሽማግሌ ጠይቃችሁ ጻፉ። 3ኛ/ አሁን ምን ጉዳት እንደ ደረሰበት ጻፉ።

አምስት መስመር ይበቃል። ፊደል ብትስቱ አብረን እናርማለን። ሽማግሌው ሳይነግረን ካለፈ ግን የሚያርመን የለም።