ከፈላና በር እስከ ማይክሮስኮፑ
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ሐረሪዎች «አሱም በሪ» የሚሏት ፈላና በር፥ አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባሠሩት የጀጎል ግንብ ላይ ከሚገኙት 5 ጥንታውያን በሮች አንዷ ናት። በቀድሞው ዘመን የከተማይቱ በሮች ሲመሽ ይዘጉ ስለ ነበር፥ የዘገየ መንገደኛ ሸክሙን አውርዶ ከውጭ ማደር ግዴታው ነበር። ዛሬ በሩ ለመጣ ሁሉ ክፍት ነው። ይሁን እንጂ በዚያ በር አልፋ ወደ ሐኪም ቤት የምትሄድ ሕመምተኛ ሌላ የተዘጋ በር ሊገጥማት ይችላል። የዛሬው ንግግሬም ስለዚሁ ነው።

አንዲት እናት በጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ መጣች እንበል። ሐኪሙ በእጁ ዳብሶ እብጠቱን ያገኘዋል፤ ነቀርሳ መሆን አለመሆኑን ግን በዳሰሳ ብቻ ሊቈርጥ አይችልም። ስለዚህ ጥቂት ናሙና ይወሰዳል። ሥጋው በፎርማሊን እንዳይበላሽ ይደረጋል፤ በሰም ውስጥ ይጠነክራል፤ ከዚያም ከ3 እስከ 5 ማይክሮን ባለው ውፍረት፥ ማለት በሚሊ ሜትር ሺሕኛ በሚቈጠር ስስነት፥ ተቈርጦ በመስተዋት ላይ ይዘረጋና በቀለም ይነከራል። ይህን በማይክሮስኮፕ አንብቦ ፍርድ የሚሰጠው የፓቶሎጂ ሐኪም ነው።

በአገራችን የእነዚህ ሊቃውንት ቍጥር ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲመዛዘን እጅግ ጥቂት ነው። ከሐረር እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ደግሞ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አዲስ አበባ ካለ ሊቅ ምክር ሲፈለግ ናሙናው ወይም ሕመምተኛዋ ራሷ ይህን ሁሉ መንገድ ልትጓዝ ነው። ነቀርሳ ግን ቀጠሮ አክባሪ አይደለም።

እንግዲህ ሊቃውንት ያሰቡበት መላ፥ ሰው ከሚጓዝ ምስሉ ይጓዝ የሚል ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም. በቦስተን አውሮፕላን ጣቢያ ከነበረው ክሊኒክ፥ በማይክሮስኮፕ የታየ የደም ናሙና በቴሌቪዥን ወደ ማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ተላለፈ። በ1986 ዓ.ም. ዶክተር ሮናልድ ዋይንስታይን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ለዚህ ሥራ «ቴሌፓቶሎጂ» የሚል ስም አወጡለት። በ1990 ገደማ ደግሞ በኖርዌይ፥ በትሮምሶ የተቀመጡ ሐኪሞች በሩቋ ቂርኬነስ ሕመምተኛው ገና በቀዶ ጥገና ጠረጴዛ ላይ ሳለ ናሙናውን በምስል አይተው መልስ ይሰጡ ጀመር።

በአገራችንም ጅምሩ አለ። የያኔው የሕንድ ፕሬዚዳንት አብዱል ካላም ባመነጩት ሐሳብ መሠረት፥ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በሃይደራባድ ከሚገኘው ከኬር ሆስፒታል ጋር ለሙከራ ተገናኘ። በዚሁ ዕቅድ በትምህርት በኩል፥ ለሐረር ቅርብ የሆነው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከኢንዲራ ጋንዲ ብሔራዊ ክፍት ዩኒቨርሲቲ ጋር ተያይዞ ነበር። ሩቅ የሚመስለው ነገር ደጃችን ደርሶ ነበር ማለት ነው።

የአሠራሩ መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው፥ በማይክሮስኮፑ ዓይን ላይ ካሜራ፥ ሲቸግርም የእጅ ስልክ አስጠግቶ ጥቂት ሥዕሎችን ማንሣትና መላክ ነው። ዋጋው ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሩቅ ያለው ሊቅ የሚያየው ላኪው የመረጠለትን ብቻ ስለ ሆነ፥ ክፉው ሕዋስ ካልተነሣው ጥግ ተደብቆ ሊቀር ይችላል። ሁለተኛው፥ መስተዋቱን በሙሉ በመሣሪያ አንብቦ ወደ ኮምፒዩተር ማስገባት ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይህን አሠራር ለዋና ምርመራ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. ፈቅዶታል። ነገር ግን መሣሪያው ውድ ነው፤ የአንድ መስተዋት ምስልም እጅግ ከባድ ስለ ሆነ ጠንካራ መስመርና የማይቋረጥ መብራት ይፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ልናስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ያልተጠበቀ ሥጋ፥ ክፉኛ የተቈረጠ ናሙና፥ ያረጀ ቀለም ወደ ምስል ቢለወጥ የሚጓዘው ስሕተቱ ነው። መሣሪያ የባለሙያን እጅ አይተካም። ስለዚህ ከውዱ መሣሪያ አስቀድሞ ፎርማሊን፥ ሰም፥ ምላጭና የሠለጠነ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ያስፈልጋል። የሕመምተኛዋም ስም ከምስሉ ጋር በየሰው እጅ እንዳይዞር ምስጢሯ ሊጠበቅ ይገባል።

ይህን ሁሉ ለመንግሥት ሠራተኞች መንገሬ ያለ ምክንያት አይደለም። የፎርማሊን ግዥ መጠየቂያ በመዝገብ ቤት ሦስት ሳምንት ቢተኛ፥ ጸሐፊው የሚያየው አንድ ወረቀት ነው፤ በወረቀቱ ጀርባ ግን እብጠቷን በየማለዳው የምትዳብስ እናት አለች። የምስሉ መስመር የሚዘረጋው በሽቦ ብቻ አይደለም፤ በየጠረጴዛው በሚፈረም ፊርማ ጭምር ነው።

የጀጎል በሮች ሲመሽ በሚዘጉበት ዘመን ቁልፉ በጥቂት ሰዎች እጅ ነበር። የዚህኛው በር ቁልፍ ግን በብዙዎቻችን እጅ ተከፋፍሏል። እያንዳንዳችን የድርሻችንን በጊዜው ብናዞር፥ መንገደኛዋ ከደጅ አታድርም።