የጡት ካንሰር ተመልሶ ይመጣ ይሆን? በአቅማችን ያለው ምርመራና የእኛ ድርሻ

በሰባታሚት ለካህናት፣ ለምእመናንና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የተደረገ ንግግር





በጡት ካንሰር ታማ፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ወደ ቤቷ የተመለሰች እናት ከልቧ የማይጠፋ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ተመልሶ ይመጣብኝ ይሆን?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ በግ የሚሸጥ፣ ከዘመድ የሚበደር ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ያ ገንዘብ በየትኛው ምርመራ ላይ ቢውል እንደሚጠቅማት በግልጽ መናገር ይገባናል።

ቲዩመር ማርከር የሚባሉ የደም ምርመራዎች አሉ። ለጡት ካንሰር ከሚታወቁት መካከል ሲኤ 15-3 እና ሲኢኤ ይገኙባቸዋል። ካንሰሩ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ተሠራጭቶ በሕክምና ላይ ላለች ሴት፣ ሕክምናው እየሠራ ስለ መሆኑ ለሐኪሙ ተጨማሪ ፍንጭ ይሰጣሉ። ሕክምናዋን ጨርሳ ምንም ምልክት ለማይታይባት እናት ግን በየጊዜው እንዲደረጉላት የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ አይመክርም። ቁጥሩ በጉበት ሕመም ምክንያት ከፍ ሊል፣ ካንሰሩ ተመልሶም ሳለ ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላልና። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተሙ ሁለት የጣልያን ጥናቶች፣ በራጅና በአጥንት ምርመራ በተደጋጋሚ የተፈተሹ ሴቶችን በሐኪም እጅና በማሞግራፊ ብቻ ከተከታተሉት ጋር አነጻጽረው በዕድሜ ርዝመት ረገድ የጎላ ልዩነት አላገኙም።

እንግዲህ የሚጠቅመው የትኛው ነው? መልሱ ያለው በቀዶ ሕክምና ከወጣው ዕጢ ውስጥ ነው። የዕጢው መጠን፣ በብብት ካሉት ንፍፊቶች ስንቱ እንደ ተነኩ፣ ሕዋሳቱ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ምን ያህል እንደ ተለወጡ፤ እነዚህ ሦስቱ ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉን ከሚያመለክቱት ዋነኞቹ ናቸው። ቀጥሎ የሆርሞን ተቀባዮች ምርመራ ይመጣል፤ ይኸውም ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባሉትን ሆርሞኖች የሚቀበሉ ፕሮቲኖች በዕጢው ላይ መኖር አለመኖራቸውን ያሳያል። ሄር-ቱ የሚባለውም ፕሮቲን በዚሁ ናሙና ይመረመራል። የኢስትሮጅን ተቀባይ የሌለው ካንሰር የሚመለስ ከሆነ ይበልጡን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይመለሳል፤ ተቀባይ ያለው ግን ከ10 ዓመት በኋላም ሊመለስ ይችላል። በሀብታም አገሮች በሺዎች በሚቆጠር ዶላር የሚሠራ የ21 ዘረ መሎች ምርመራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በብሪታንያ ተመራማሪዎች መሪነት የወጣ ጥናት ግን፣ የኢስትሮጅን ተቀባይ ባለው ካንሰር ላይ እነዚህ ሦስት ምርመራዎች ኪ-67 ከሚባለው ጋር ተጣምረው በጥንቃቄ ሲሠሩ ከውዱ ምርመራ ጋር የሚቀራረብ መረጃ እንደሚሰጡ አሳይቷል።

ይህ ለአገራችን ሴቶች ትልቅ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ በአዲስ አበባ በታከሙ 352 ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ከመቶው 65ቱ የኢስትሮጅን ተቀባይ እንዳላቸው አረጋግጧል። ለእነዚህ ታሞክሲፌን የሚባል ርካሽ እንክብል አለ። ለአምስት ዓመት በየቀኑ ሲወሰድ፣ በእነዚያ ዓመታት ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። የደም ምርመራው ቁጥር ብቻ ይነግራል፤ የዕጢው ምርመራ ግን መድኃኒት ያሳዝዛል። ልዩነቱ ይህ ነው።

ነገር ግን ይህ መረጃ በቀላሉ ይጠፋል። ዕጢው ከሰውነት ከወጣ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ተገቢ ፎርማሊን ውስጥ ገብቶ፣ ከ6 እስከ 72 ሰዓት መቆየት አለበት። ከዘገየ ወይም ከደረቀ ተቀባዩ እያለ «የለም» የሚል ውጤት ሊመጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሴቲቱ የሚያድናትን መድኃኒት ታጣለች። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቤተሰቧ፣ «ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ይገባል? የሆርሞን ተቀባይ ምርመራስ ይደረግለታል?» ብለው በአክብሮት ይጠይቁ። የፓቶሎጂ ውጤቱም ወረቀት እንደ ርስት ሰነድ ይጠበቅ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የሁላችንም ነው። አምስት ዓመት ረጅም ነው፤ ሕመሙ ሲጠፋ እንክብሉን መተው ይመጣል። በደቡብ ኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በተደረገ ጥናት፣ የሠለጠኑ ነርሶች የተከታተሏቸው ሴቶች መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ በመውሰድ ከሌሎቹ በልጠው ተገኝተዋል። ነርስ በማይደርስበት ደጅ የንስሐ አባት ይደርሳል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚወሰዱ በይፋ ማስተማራቸውን እናስታውሳለን። ለካንሰር መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ታሞክሲፌን በባዶ ሆድም ከምግብ ጋርም ይወሰዳል፤ ስለዚህ የምትጾም እናት በማታው ማዕድ፣ የምታስቀድስም ከቅዳሴ በኋላ ልትወስደው ትችላለች። ነፍሰ ጡር ብትሆን ወይም ከማረጥ በኋላ ደም ብታይ ግን ሳትዘገይ ለሐኪሟ ትንገር።

ክትትሏም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ ይሁን። በጠባሳው ወይም በብብቷ አዲስ እብጠት፣ የማይለቅ የአጥንት ሕመም፣ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የዓይን ቢጫነት ከታየባት ቀጠሮ ሳትጠብቅ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ትሂድ።

አባቶቻችን፤ ከዚህ ጉባኤ ስንወጣ የምናውቃትን አንዲት እናት እንጠይቅ፤ «ወረቀትሽ የት አለ? እንክብልሽንስ ዛሬ ወሰድሽ?» እንበላት። በጓን ከመሸጧ በፊት ይህን የሚጠይቃት ሰው ታግኝ።