የአርባ ዶላሩ ደረሰኝ

ውድ ተመራቂዎች፤

በመድን ትምህርት ሠልጥናችሁ በማዕረግ በምትሰናበቱበት በዚህ የደስታ ዕለት፣ የአንድ ደግ ሰው ዜና ሕይወት ስንቅ ይሆናችሁ ዘንድ ወደድሁ፤ ይህም ሰው በአሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይና የነበረው ቻርልስ ክሊንተን ስፖልዲንግ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1874 ከጥቁር ገበሬ ቤተሰብ ተወልዶ፣ በ20 ዓመቱ ደርሃም ከተማ ገብቶ ሳሕን እያጠበ የተማረው ይህ ሰው፣ ኋላ የያዘው የምግብ ሸቀጥ መደብር ከስሮ ዕዳ አስታቅፎት ሳለ፣ በባርነት የተወለደው ጸጉር አስተካካይ ጆን ሜሪክና የገዛ አጎቱ ሐኪሙ አሮን ሙር፣ በ1898 ላቋቋሙትና ገና በእግሩ ላልቆመው የሕይወት መድን ድርጅታቸው ሥራ አስኪያጅ አደረጉት። ማለዳ እጅጌውን ሰብስቦ ቢሮውን ይጠርጋል፤ እጅጌውን መልሶ ከቤት ቤት እየዞረ ውል ያስፈርማል፤ በመጨረሻም ኮቱን ደርቦ በሥራ አስኪያጁ ወንበር ይቀመጣል።

የመጀመሪያው የሞት ካሳ፣ 40 ዶላር፣ በተጠየቀ ጊዜ በካዝናው የነበረው አልበቃምና ሦስቱ ሰዎች ከኪሳቸው ሞልተው ከፈሉ። ስፖልዲንግም የክፍያውን ደረሰኝ ይዞ እየዞረ፣ ብዙ የነጮች ድርጅቶች ጥቁርን ወይ በማይቀበሉበት ወይ አብዝተው በሚያስከፍሉበት በዚያ ዘመን፣ ቃል የሚያከብር ማኅበር መኖሩን ለወገኑ በዓይኑ አሳየው። እነሆ፣ የመድን ሥራ መሠረቱ ገንዘብ ሳይሆን ቃል ኪዳን መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምን ምስክር አለ?

ከ1923 ጀምሮ ድርጅቱን በፕሬዚዳንትነት ሲመራ፣ ለቤቱ አባት፣ ለቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ፣ ለአንድ ባንክ መሪ፣ ለወገኑ መብት ተሟጋች ሆኖ ኖሮ፣ በኦገስት መግቢያ ላይ፣ በ1952፣ 78 ዓመት በሞላበት በዚያችው በልደቱ ዕለት ዐረፈ።

ለእኛ ለእድርተኞች ልጆች ይህ የቃል ኪዳን ምሥጢር እንግዳ አይደለም፤ ሐዘን በገባበት ደጅ ድንኳኑ ሳይዘገይ ሲተከል አይተን አድገናልና። እንግዲህ ነገ አንዲት መበለት የባሏን የአረቦን ደረሰኝ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ከፊታችሁ ስትቆም፣ የውሉን አንቀጽ ከመግለጣችሁ አስቀድሞ ወንበር ስጧት፤ የሚገባትንም ሳታመላልሱ ክፈሏት።

እግዚአብሔር የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።